ተራ

ደንገጎን መውረዱን ድንጋይም ይወርዳል፤
መውጣቱ ነው እንጂ ሰውን ያዋርዳል።
አራት መቶ አራቴ፣ ከእኔ ጋር ያረጀች፣
ሁለተኛው ጥምዝ ላይ ትስል ጀመረች።
ከኋላ ሦስት ሴቶች ማንጎ ታቅፈዋል፣
ከፊት አስተማሪው ሰዓቱን ያያል፤
እኔ መሪ ይዤ፣ ጥርሴን ነክሼ፣
ወንበሬን ወደ ፊት እየገፋሁ
(መኪና በወገብ የሚገፋ ይመስል)
ሐረር ገባሁ።

የዚያን ሰሞን ነበር ሮብሌ ያገኘኝ፣
ደቻቱ ድልድይ ስር ጠቅሶ የጠራኝ።
የውኃ ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ ቢያነሳው
ቤንዚኑ ቀይ ነው፣ ሮማን ነው የሚመስለው።
«ሱፐር ነው፣ አቦ! ዘጠና አምስት!
ማደያ እንደሚቀዳው ተራ እንዳይመስልህ።
ይኼን የቀመሰች መኪና
ደንገጎን ሜዳ ነው ትልሃለች።»

በሊትር ሃምሳ ብር ከማደያው ይበልጣል።
የማደያው ሰልፍ ግን ሰፈር ይጠመጥማል፤
ሰው ቤቱ ገብቶ ይተኛል፣
ድንጋይ ተራ ይዞለት ያድራል።
ከድንጋይ ኋላ መቆም ሰለቸኝ።
ከፈልኩ። ሠላሳ ሊትር።

ሳምንቱን ሙሉ የበረረች መሰለኝ።
ለጎረቤቴ ለአው ዚያድ ነገርኩት፣
ለትራፊኩም ሳይጠይቀኝ ነገርኩት።
ረምላ ግን፣ ሚስቴ፣ ደብተር የምትይዘው፣
እስክሪብቶዋን ጆሮዋ ላይ ሰክታ
«በሠላሳ ሊትር ድሮም ይህንኑ ነው የተመላለስከው፤
የበረረው ሌላ ነው። አንድ ሺህ አምስት መቶ ብር።
የሁለት ጎማ ካላማዳሪ ነው።
የልጅህ መነጽር ነው» አለችኝ።

ወሰድኳት ለሙሴ ላቀው፣
ባቡሩ ሳለ ዲፖ ውስጥ ቡሎን ሲፈታ ላረጀው፣
ዛሬ ከዚራ፣ ኒም ጥላ ስር ጋራዥ ላለው።
የሱፐሩን ወሬ ስነግረው አልሳቀም።
ያ ነው የከፋኝ።
የነዳጁን ክዳን ከፈተና
የውስጡን ቆርቆሮ በሚስማር ፋቀው፦
መጀመሪያ ሰማያዊው ረገፈ፣
ከሰማያዊው ስር ነጭ፣
ከነጩ ስር የአባቴ አረንጓዴ፣
ከአረንጓዴው ስር የማላውቀው ሰው ቀይ፣
ከሁሉም በታች በፈረንጅ ፊደል አንዲት ቃል።
መነጽሩን አወለቀ (እሱ ለማንበብ ነው የሚያወልቀው)።
«ተራ ትላለች» አለኝ።
«ፋብሪካው ያዘዘላት ተራ ቤንዚን ነው።
ያኔም፣ ዛሬም።»

«ታዲያ ሱፐሩ ጉልበት የለውም?»
«ጉልበት ማን አለህ? ትዕግሥት ነው ያለው።
ሞተር የገባ ቤንዚን ሁሉ ተጨቁኖ ነው የሚኖረው፤
ፒስተኑ ሲጫነው፣ ሲያስጨንቀው፣
ችኩሉ ሻማ ሳይጠራው ይነዳል፣
ሞተሩን ቋ ቋ ያሰኘዋል።
ሱፐር ማለት ተራውን የሚጠብቅ ነው፣
ሌላ ሙያ የለውም።
የዶክተሯ አዲስ መኪና አለች፣ ቱርቦ፣ አንቃ የምትይዝ፤
ለእሷ ይገባታል፣ ተራ ስትቀዳላት ትጮኻለች።
ያንተዋ አሮጊት ናት፣ እጇ ላልቷል፣
ማንንም አትጨቁንም።
ለማይጫንህ ጌታ፣ ትዕግሥት በውድ ዋጋ
ትገዛለህ እንዴ?»

ካርቡራተሩን አውርዶ በጥርስ ብሩሽ አጠበው።
ከውስጡ የደቻቱ አሸዋ ወጣ፣ አንድ ጭልፋ አይሞላም።
«ይኸው ሳሏ» አለና
ሁለት መቶ ብር ተቀበለኝ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ማደያው ሄድኩ።
ጄሪካን፣ ድንጋይ፣ ባጃጅ፣ ድንጋይ፣
ደግሞም ከፊቴ፣ ቢጫ ጄሪካኑ ላይ ተቀምጦ፣
ሮብሌ።
«ሱፐር እዚህም ይቀዳል?» አልኩት።
ሳቀ። የሮማኑ ቀይ የት እንደሚገባበት
እኔም አልጠየቅኩት፣ እሱም አልነገረኝ።
ፈንጠር አለና «ና አቦ፣ ከፊቴ ግባ» አለኝ።

ይኼስ ሃምሳ ብር ይኖረው ይሆን ብዬ
ከኋላው፣ ከአንድ ድንጋይ ጎን፣ ቁጢጥ አልኩ።
ሊነጋ ሦስት ሰዓት ይቀራል።
መኪናዬ ጸጥ ብላለች። አትስልም።